ትልቅ ዓሣ ማሳደግ ለሚፈልግ የባሕር ዳር ሰው፦ የትኛውን ይምረጥ?

«ወንድምዓለም፣ ሰው ሲገባ አፉን የሚያስይዝ ትልቅ ዓሣ ፈልግልኝ።»

ባሕር ዳር ውስጥ ለሆቴል፣ ለካፌና ለመኖሪያ ቤት አኳሪየም ስገጥም ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ያልሰማሁበት ወር ጥቂት ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ጣና ዳር ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ ከደንገል ታንኳ ላይ ክንድ ተኩል የሚያክል አምባዛ ሲወርድ አይቷል፤ ያቺን ቀን አልረሳትም። እኔም አልረሳኋትም። ስለዚህ ፍላጎቱን አልነቅፍም። ምርጫዎቹ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ለዓሣው እስር ቤት ነው፣ ሌላው ደህና ኑሮ ነው፣ ሌላው ደግሞ ጣናን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ በአንድ ላወዳድርልዎ።

ትልቅ ዓሣ ለምን ልብ ይሰርቃል?

ትናንሽ ዓሦች በመንጋ ሲዋኙ የምናየው ቀለምና እንቅስቃሴ ነው። ክንድ የሚያክል ዓሣ ግን እሱም ያየናል። ዓይኑን ያዞራል፣ ሰው ሲገባ ወደ መስታወቱ ይቀርባል፣ የምግቡን ቆርቆሮ ከስልክ ይለያል። ቤቴ ያለው ኦስካር የሚባል ዓሣ እኔ ስገባ ከላይ ድረስ ወጥቶ ይጠብቀኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከድንጋዩ ጀርባ ይገባል። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። አርቸር ፊሽ የሚባል፣ ከአፉ ውኃ ተፍቶ ቅጠል ላይ ያለ ነፍሳት የሚጥል ዓሣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ይህ ዓሣ የለመደውን የሰው ፊት ከብዙ ፊቶች መካከል ለይቶ እንደሚተፋበት ታይቷል።

ሰው በትልቅ ዓሣ የሚማረከው በዚህ ነው፤ ጭንቀቴም ከዚሁ ይጀምራል። ሰውን የሚለይ ፍጥረት የታሰረበት ቦታ ጠባብ መሆኑንም ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያልኩበትን ልንገርዎ። ከተማችን ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል፣ ስሙ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ ጣት የምታክል ቀይ ጅራት አምባዛ አስመጣ። ሻጩ ለባለቤቱ «ዓሣ የሚያድገው በገንዳው ልክ ነው፤ አያስቡ» ብሎ ነግሯቸዋል። ያኔ ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነበር፤ እኔም ይህን አምኜ 2 ሜትር በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ገጠምኩላቸው። በሦስተኛው ዓመት ዓሣው 80 ሴንቲ ሜትር አለፈ። የገንዳው ወርድ ከቁመቱ ስላነሰ፣ መዞር ሲፈልግ ጅራቱን አጥፎ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ተጭኖ ነበር የሚዞረው። አንድ ቀን ፊልተሩን (የውኃ ማጣሪያውን) ላጥብ ሄጄ ቀረብ ብዬ አየሁት። የአፍንጫው ጥቁር ቆዳ ተልጦ ሥሩ ነጭ ሆኗል። መስታወቱ በሙሉ ስስ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል፤ በሁለቱ ጫፎች ግን ሳህን የሚያክል ጥርት ያለ ክብ አለ። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ ስለሚታከክ አልጌ ሊበቅልበት አልቻለም። ሎቢው ውስጥ የተቀመጡ እንግዶች ፎቶ እያነሱት ነበር።

«ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል» የሚለው አባባል ሐሰት ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ያለ ዓሣ የሚቀጭጨው የራሱ ቆሻሻ ውኃውን ስለሚመርዝበትና ስለሚጨነቅ ነው። ጀርባው ይጎብጣል፣ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፣ ከዕድሜው በፊት ይሞታል። ጠባብ ጫማ ያደረገ ልጅ እግሩ ሲጣመም «በጫማው ልክ አደገ» እንደማለት ነው።

ከመምረጥዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያዩትን ሕፃን ዓሣ ሳይሆን አዋቂውን ይለኩ። የገንዳው ርዝመት ከአዋቂው ዓሣ ቁመት ቢያንስ አራት እጥፍ፣ ወርዱ ሁለት እጥፍ ይሁን። አንድ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ከሆነ 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር፤ ይህ 8,000 ሊትር ውኃ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ገንዳውን ሳንቆጥር 8 ቶን ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ግን በካሬ ሜትር 1,000 ኪሎ ይጫናል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ምርጫ አሁኑኑ ይሰርዝ።

ውኃው በየሳምንቱ ሲሶው ይቀየራል ቢባል፣ ከ8,000 ሊትር ላይ 2,600 ሊትር ያህል ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 130 ጀሪካን። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለጎረቤት የሚጠጣ ሳይኖር ለአንድ ዓሣ 130 ጀሪካን ማፍሰስ እኔ በበኩሌ ሕሊናዬ አይቀበለውም። ደግሞም የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክፍት በርሜል ውስጥ አድሮ ነው የሚገባው።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ከእኛ ከተማ ጋር የተያያዙ ናቸው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 8 ሚሊ ግራም በሊትር የሚይዝ ሞቃት ውኃ እዚህ ከ7 በታች ነው የሚይዘው። ከውጭ የተጻፈ መመሪያ «ለዚህ ያህል ዓሣ ይህ ፓምፕ ይበቃል» ካለዎት እዚህ አይበቃም፤ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩና የአየር ፓምፑ ይቆማሉ። ዓሣው የሚያወጣውን አሞኒያ የሚያጣሩት ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ዓሣው ትልቅ በሆነ ቁጥር ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚጨርሰው ቶሎ ነው። ኢንቨርተርና ባትሪ የሌለው ቤት ትልቅ ዓሣ አያስገባ።

የውጭዎቹ ግዙፎች፦ ቀይ ጅራት አምባዛ፣ ሻርክ፣ ፓኩ፣ አሮዋና

እነዚህን ለማንም አልመክርም። ምክንያቴን ግን ልዘርዝር፤ ሱቅ ውስጥ ሲያዩዋቸው ሁሉም ስንዝር የማይሞሉ፣ የሚያምሩ ናቸውና።

ቀይ ጅራት አምባዛ የአማዞንና የኦሪኖኮ ወንዞች ዓሣ ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ነጭ፣ ጅራቱ ብርቱካን ቀይ፤ ከዚህ የሚያምር አምባዛ አይቼ አላውቅም። ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ያልፋል፣ አብሮት ያለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ጠጠርና ሂተር (የገንዳውን ውኃ ማሞቂያ) ሳይቀር የዋጡ አሉ።

ሻጮች «ሻርክ» የሚሉት ሻርክ አይደለም፤ ፓንጋሲየስ የሚባል የሜኮንግ ወንዝ ዓሣ ነው። ቬትናም ውስጥ ለምግብ በብዛት የሚረባውም እሱው ነው። በመንጋ የሚኖር፣ ለመራባት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ ከ1 ሜትር በላይ የሚሆን ዓሣ ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ በጣም ደንጋጭ ነውና። በር በኃይል ሲዘጋ ተወርውሮ ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል፤ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሻርክ ያላየሁበት ካፌ ጥቂት ነው።

ፓኩ ወንዝ ውስጥ የወደቀ ፍሬና ለውዝ በጥርሱ እየሰበረ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ጥርሱ የሰው ጥርስ ይመስላል፣ ትልቁ ዝርያ 30 ኪሎ ያልፋል። አሮዋና ደግሞ እንደ ብር የሚያበራ፣ 90 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ነፍሳት ለመያዝ ከውኃ በላይ አንድ ሜትር የሚዘል። ክዳን ረስተው ካደሩ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ነው የሚያገኙት። የእስያው አሮዋና እንዲያውም የመጥፋት አደጋ ስላለበት ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው።

ሁሉም ሞቃት ውኃ ይፈልጋሉ፤ 24 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ። ባሕር ዳር ቀኑ ይሞቃል፤ ታኅሣሥና ጥር ግን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። 8 ቶን ውኃ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ምን እንደሚያስከፍል ቆጣሪዎ ይነግርዎታል።

ከጣና የተያዘ ዓሣ፦ ነጭ ዓሣ ወይስ አምባዛ?

«የውጭውን ተውኩ፤ የራሳችንን ላሳድግ» የሚል ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ግን እዚህም ላይ ሁለት የተለያዩ መልሶች አሉኝ።

ነጭ ዓሣን ይተዉት። ጣና የዓለም ብርቅ የሆነው በእነዚህ ዓሦች ነው። ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ የለየው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሆነ፣ ውስጡ ያሉት ነጭ ዓሦች ብቻቸውን ተለያይተው 15 ያህል ዝርያ ሆነዋል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ለይተው ገልጸዋቸዋል። ከእነሱ ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ነገሩን አስደናቂ የሚያደርገው የዚህ ቤተሰብ ዓሦች አፋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ ወንዞች ይጓዛሉ፤ ጠጠር ያለበትና በደንብ የሚፈስ ውኃ ላይ ነው የሚራቡት። ያኔ ነው ወንዞቹ አፍ ላይ መረብ የሚጠብቃቸው። በ1991 እና በ2001 (እ.ኤ.አ.) መካከል በንግድ መረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። እንዲህ ካለ ዓሣ ላይ ለጌጥ አንድ መቀነስ ልቤ አይፈቅድም። ቢቀንሱም አይሳካልዎትም። በመረብ ከተያዘ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ቆስሎ ይገባል፣ መስታወት ውስጥ ይሯሯጣል። ሁለት ጊዜ ሰው ሲሞክረው አይቻለሁ፤ ሁለቱም ሳምንት አልሞሉም።

አምባዛ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለትልቅ ዓሣ ወዳጅ ባሕር ዳር ካሏት ምርጫዎች የተሻለው እሱ ነው ብዬ ስለማምን።

አምባዛ ከመደበኛው መተንፈሻው በላይ እንደ አበባ ጎመን የተበጣጠሰ ሌላ አካል አለው፤ በእሱ ከአየር በቀጥታ ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ክረምት ላይ የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ውኃ ሲለብስ ጭቃ ለጭቃ ተስቦ ሲሄድ የሚታየው። መብራት ቢጠፋ፣ ፓምፕ ቢበላሽ እንደሌሎቹ ታፍኖ አይሞትም። የሐይቃችንን ሙቀት ስለለመደ ሂተር አይፈልግም። ስምንት ጢም አለው፤ ጨለማ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው በእነሱ ነው፤ ስለዚህ የደፈረሰ ውኃ አያስጨንቀውም። ጥሩ ኑሮ ካገኘ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ግን መስታወት ውስጥ አይደለም። አምባዛ የሌሊት ፍጥረት ነው፤ ብርሃን የሚበራበት ሎቢ ለእሱ ስቃይ ነው። የሚያስፈልገው ግቢ ውስጥ የተቆፈረ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ዓባይ ማዶ ያለ አንድ ደንበኛዬ ግቢ 4 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ገንዳ ሠራን፤ ግማሹን በጣውላ ሸፈንነው፣ ሥሩ ላይ ሁለት ወፍራም የሲሚንቶ ቱቦ አስገባን። ሁለት አምባዛ ብቻ ናቸው ያሉት። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው ባለቤት የዓሣ ጉበትና አንጀት በሳህን ይዛ ስትመጣ ቱቦው አፍ ላይ መጀመሪያ ጢሞቹ ይታያሉ፤ ከዚያ ሰፊው ጠፍጣፋ ራስ ቀስ ብሎ ይወጣል። አየር ሊስብ ብቅ ሲል ‹ጶ› የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ልጆቿ በዚያ ድምፅ ነው የቤት ሥራቸውን ጥለው የሚሮጡት። የሚቀየረውን ውኃ ጎመኗ ላይ ታጠጣዋለች፤ ስለዚህ አይባክንም።

ዓሣውን የምትገዛው ከአስጋሪ ነው፤ ለቢላዋ የተያዘውን፣ ክንድ የማይሞላውን። ትልቅ እናት አምባዛ በእንቁላል የተሞላች አምጡልኝ ማለት ነውር ነው። ገንዳው ላይ ሽቦ ያድርጉበት፤ ዝናብ በዘነበ ሌሊት አምባዛ ወጥቶ ይሄዳል። ሁለት አምባዛ እኩል ካልሆኑ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል፤ በመጠን የሚመጣጠኑ ይምረጡ። ቅርፊት ስለሌለው አምባዛ አይበላም የሚል ቤተሰብም ብዙ ነው፤ እኔ እንዲያውም ይህን እንደ ጥሩ ነገር ነው የማየው፤ ድስት ውስጥ የመግባት ፈተና የለበትም።

ኮይ በግቢ ኩሬ

ቀን ቀን የሚታይ፣ ቀለም ያለው፣ ትልቅ ዓሣ ለሚፈልግ ኮይ ነው መልሱ። ከተራ ካርፕ በ1800ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ኒጋታ አካባቢ ገበሬዎች እየመረጡ ያወጡት ነው። ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሠላሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፣ ከእጅ መብላት ይለምዳል። ውኃ ወደ በረዶ የማይለወጥበት አገር ስለሆንን ከጃፓኖቹ በላይ ይመቸናል። መስታወት ለኮይም አይሆንም፤ የተፈጠረው ከላይ እንዲታይ ነው።

ለአራት ኮይ ቢያንስ 5,000 ሊትር፣ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ ኩሬ ያስፈልጋል። ፏፏቴ ቢጤ ይሥሩበት፤ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለኦክስጅን። ፓምፑ ሲቆም እንዳይታፈን የዓሣው ቁጥር ይነስ። ሌላው ጣጣ ወፍ ነው፦ ዓሣ አዳኝ ንስርና መዶሻ የሚመስል ራስ ያለው ቡናማ ወፍ ጣሪያ ላይ ቆመው ጧት ጧት ይጠብቃሉ፤ መረብ የሌለው ኩሬ በወር ውስጥ ባዶ ይቀራል።

ግን ኮይ ከገቡበት አንድ ኃላፊነት አለ፣ ቀልድ የሌለው። ኮይ ካርፕ ነው፤ ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ይበላል፣ ውኃ ያደፈርሳል፣ በቶሎ ይራባል። ዝዋይ ሐይቅ ከገባ በኋላ ዛሬ በብዛት ከሚያዙት ዓሦች አንዱ ሆኗል። ኮይና ነጭ ዓሣ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የአንዱ በሽታና ተውሳክ ለሌላው ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ኩሬው ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ ወደ ጎዳና ቦይ የሚፈስ ከሆነ፣ ቦዩ ደግሞ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ከሆነ፣ ኮይ አያስገቡ። ሽምብጥ አካባቢ ሐይቁ ጥግ ላይ ግቢ ላላቸው ሁለት ሰዎች ‹አልሠራም› ብያለሁ። ቤትዎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ኩሬውን ከመሬቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይገንቡት፤ የትርፍ ውኃው መውጫ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይግጠሙ፣ የሚፈሰውም ወደ አትክልት ቦታው እንጂ ወደ ቦይ አይሁን።

ኦስካር፦ ፎቅ ላይ ለሚኖር

ግቢ የለዎትም፣ ግን የሚያውቅዎ ዓሣ ይፈልጋሉ? ኦስካር ይያዙ። 30 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሆነው፤ ‹ግዙፍ› አይባልም፤ ነገር ግን ከላይ የተናገርኩት ጠባይ ሁሉ አለው። ያኮርፋል፣ ይጠብቃል፣ ገንዳው ውስጥ ያስቀመጡትን ድንጋይ እንደገና በራሱ መንገድ ይደረድራል። ከአስር ዓመት በላይ ይኖራል። ለአንዱ 400 ሊትር ይበቃዋል፤ ያው ግን 400 ኪሎ ስለሆነ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ አጠገብ እንጂ ሳሎን መሀል አያስቀምጡት። ገንዳውን ውኃ ሞልተው ፊልተሩን ካስነሱ በኋላ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ። ደንበኞቼ በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚቸኩሉት፤ ዓሣ የሚሞትባቸውም እዚህ ላይ ነው። ሂተርና ለአየር ፓምፑ ባትሪ ግዴታ ናቸው።

ጎልድ ፊሽ ‹ትንሽ ነው› ብለው ብርጭቆ ሳህን ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። ስንዝር የሚያልፍ፣ ሃያ ዓመት ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው፤ ቦታው እንደ ኮይ ኩሬ ነው።

ቤት ሳያስገቡ ማየት

ይህን እንደ ምርጫ የማይቆጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እጨምረዋለሁ። ዓለም ላይ ግዙፍ ዓሣ ለማየት ሰዎች ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ጃፓን ኦኪናዋ ያለው አኳሪየም ውስጥ ዌል ሻርክ የያዘው ገንዳ ብቻ 7,500 ሜትር ኩብ ነው፤ ለዚያም ዓሣ በቂ ነው ወይ የሚል ክርክር አለ። እኛ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐይቅ በር ላይ አለን።

እውነቱን ለመናገር ጣና እንደ መስታወት አይደለም፤ ውኃው ደፍራሳ ስለሆነ ዓሣውን ሲዋኝ አያዩትም። የሚያዩት ምልክቱን ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጨረጨራ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ሻላ ወፎች ተሰልፈው ዓሣ እያሳደዱ ወደ ጥልቀት የሌለው ቦታ ሲነዱ ይታያሉ። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ወደ ወደቡ ቢሄዱ ደግሞ አምባዛ፣ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ ጎን ለጎን ተዘርግተው ያገኛሉ። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። አንድ ነጭ ዓሣ አንስተው አፉን ከፍተው ያሳዩት፤ ጥርስ እንደሌለው ይንካው። አባባ ብለው ሽማግሌ አስጋሪ ቢጠይቁ፣ የትኛው በየትኛው ወር ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚሄድ ከመጽሐፍ በተሻለ ይነግሩዎታል።

ታዲያ የቱን?

ግቢ ያለውና ከመስታወት በፊት ዓሣውን የሚያስብ ሰው አምባዛ። ግቢው ከፍ ያለና ቦዩ ወደ ሐይቁ የማይወርድ፣ ቀለም የሚወድ፣ ወፍ ለመከልከል የማይሰለች ሰው ኮይ። ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ኦስካር፣ አንድ ብቻ። ሆቴልና ካፌ ከሆነ ሎቢው ውስጥ 1,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አድርገው መቶ ትናንሽ ዓሦች በአረንጓዴ ተክል መካከል ቢያስገቡ እንግዳው ከአንድ የታሰረ ግዙፍ ይልቅ በእነሱ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል፤ ይህን አራት ቦታ ላይ አይቼዋለሁ። ቤተሰቡ የሚበላ ዓሣ ቢያሳድግ የሚደሰት ከሆነም ቆሮሶ አለ። ጾም ሲመጣ የዓሣ ዋጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ግዙፉ ቀድሞ ቤትዎ ከገባ

ምናልባት ይህን የሚያነቡት ሻርኩ ወይም ቀይ ጅራቱ ሳሎንዎ ውስጥ ክንድ ከሆነ በኋላ ይሆናል። በመጀመሪያ የተሻለ ቦታ ይፈልጉለት፦ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ ያለው ሰው፣ ከሐይቁና ከወንዝ የራቀ። አዲስ ዓሣ አይጨምሩ። ቦታ ከጠፋና ዓሣው እየተሠቃየ ከሆነ የቅርንፉድ ዘይት በትንሽ ሞቅ ያለ ውኃ በጥብጠው ዓሣው ያለበት ውኃ ላይ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። መጀመሪያ ያደነዝዘዋል፣ መጠኑ ሲበዛ ሳይሰማው ይሞታል። ለመጻፍ ይከብዳል፤ ግን ከዓመታት መታከክ ይሻላል።

ጣና ውስጥ መልቀቅ ፈጽሞ አይሆንም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናይል ፐርች ገብቶ፣ በኋላ ከ200 የሚበልጡ የሐይቁ ዝርያዎች ጠፉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እምቦጭ የአማዞን ተክል ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ በዓለም የተዳረሰው አበባው አምሮ ሰዎች ለጌጥ ስለወሰዱት ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ገበሬው ወገቡ እስኪቆረጥ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ቀይ ጅራቱም የዚያው ወንዝ ልጅ ነው።

የሆቴሉ ባለቤት አፍንጫው የተላጠውን ዓሣ ካሳየኋቸው በኋላ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «ልጄ፣ ሌሊት በበርሜል ወስደን ጣና እንልቀቀው፤ ነፃነቱን ያግኝ» አሉኝ። ቅን ሰው ናቸው፤ ከልባቸው ነበር። «ጋሼ፣ እሱ ነፃ ሲወጣ ስንቱ ይታሰራል?» አልኳቸው። ከሆቴሉ ጀርባ ለአትክልት ማጠጫ የተሠራ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ ነበራቸው፤ አጠብነው፣ ሁለት ሂተር አስገባን፣ ሚያዝያ ላይ በአንሶላ አቅፈን ወሰድነው። እስከ ማታ ድረስ ጥግ ላይ ተጋድሞ አልተንቀሳቀሰም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ባትሪ ይዤ ተመለስኩ። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሄደ፤ ጫፍ ሲደርስ ጅራቱን ሳያጥፍ፣ ሰፊ ክብ ሠርቶ ዞረ። ሰኔ ላይ አፍንጫው ላይ ጥቁሩ ቆዳ ተመልሶ በቀለ። ታኅሣሥ ላይ ሂተሮቹ ለዚያ ሁሉ ውኃ አልበቁ ብለው በብርድ ሞተ። ስንለካው 94 ሴንቲ ሜትር ነበር።